ዐውድማ በሌለበት አገር ዐውደ ርእይ

በሁለት ባሕር ዛፍ ግንድ መካከል የተወጠረው ሸራ ከላይ በላቲን ፊደል በሲዳሙ አፎ ተጽፎበታል። ከሥሩ በአማርኛ «የግብርና ምርቶችና የእጅ ሥራዎች አውደ ርዕይና ውድድር» ይላል። ቱላ ደርሼ ከባጃጅ ስወርድ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚህ ላይ ነው፤ ቆሜም ደጋግሜ አነበብኩት። «አውደ» ሲል መነሻው ላይ መቆም የነበረበት ዐይኑ «ዐ» ነው። «ርዕይ» ሲል ደግሞ መካከል መግባት የነበረበት አልፋው «እ» ነው። ሸራው ላይ ሁለቱ ፊደላት ቦታ ተለዋውጠዋል። የአንዱ ወንበር ላይ ሌላው ተቀምጧል።

የጻፈውን ሰው አልወቅስም። ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም እንዲሁ ነው የሚጽፈው። አማርኛ የሁለቱን ድምፅ ልዩነት ከጣለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ትግርኛ ተናጋሪ ግን ዛሬም ዐይኑን «ዐ» ከጉሮሮው ያወጣዋል። ለጆሯችን ለውጥ የለውም። ቃሉ ዘመዶቹን የሚያገኘው ግን በፊደሉ ነው። ስሙን ስናሳስት ዘመድ ይጠፋል። ዐውደ ርእይ ደግሞ ብዙ ዘመድ ያለው ቃል ነው፣ ያውም ገበሬ ዘመድ።

ቱላ ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። በአስተዳደር የሐዋሳ ከተማ አካል፣ የሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ናት። ሐዌላ ከሲዳማ ጎሳዎች የአንዱ ስም ነው። ሐዋሳም በሲዳሙ አፎ «ሰፊ» ማለት ነው፤ ሐይቁን ያየ ሰው ስሙን አይጠይቅም። ቱላ በወረቀት ከተማ ትባል እንጂ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲሉ የሚቀበልዎ እንሰት ነው፤ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና፣ ከዚያ ወዲያ በቆሎና ቦለቄ። ጥር ነበርና አቧራው ከጫማ በላይ ይወጣል። ሜዳው ላይ የሸራ ዳስ በዙሪያው ተተክሏል፤ መካከሉ ባዶ ነው። ሰው በዳሶቹ ፊት እየዞረ ያያል። ክብ ሠርቶ ዞሮ ይመለሳል። ይህን ዙር ልብ ይበሉልኝ።

ግእዝ «ዖደ» ሲል «ዞረ» ማለቱ ነው። ከዚህ ግስ ዐውድ ወጣ፤ ዙሪያ፣ ክብ፣ አደባባይ። ከዚያ ልጆቹ በዙ። ዓመት ዞሮ ሲገጥም ዐውደ ዓመት ነው፤ በአፋችን ተጨምቆ አውዳመት ሆኗል። በቤተ ክርስቲያን ፊት ሕዝብ ቆሞ ቃል የሚሰማበት ግቢ ዐውደ ምሕረት ነው። ጦር የተጋጠመበት ሜዳ ዐውደ ውጊያ ተባለ። ምሁራን ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ዐውደ ጥናት የቅርብ ጊዜ ልጅ ነው። በግእዝ መጻሕፍት ዐውድ ሸንጎም ነበር፤ ሰው ተይዞ የሚቀርብበት፣ ዳኛ የሚቀመጥበት። የአንድን ቃል ትርጉም በዙሪያው ካሉት ቃላት ስንረዳ «ከዐውዱ» እንላለን፤ ይህም ያው ዙሪያው ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን አውድማ ነው። ግእዙ ዐውደ እክል ይለዋል፣ የእህል ዐውድ። አማርኛ ከጫፉ «ማ» ጨምሮ ለብቻው አቆመው። አውድማ ሲሠራ ያየ ሰው ቃሉ ለምን ክብ እንደሆነ ይገባዋል። መሬቱ ይጠረጋል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ በእበት ይለቀለቃል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ነዶው ይበተንበታል። በሬዎቹ ይገቡና ይዞራሉ፤ ሲዞሩ ይውላሉ፣ ጨረቃ ካለች ሲዞሩ ያመሻሉ። በመንሽ ይገለበጣል። ነፋስ ሲመጣ በላይዳ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ገለባው ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ ፍሬው እግር ሥር ይወድቃል። ገበሬ የዓመት ድካሙን በአንድ ቦታ ተከምሮ የሚያየው መጀመሪያ እዚያ ነው። ጎረቤትም ይመጣል፣ ዳር ቆሞ «ይበርክት» ይላል፣ በልቡም ከራሱ ጋር ያመዛዝናል። ዳስ የለ፣ ሸራ የለ፤ ግን ማየቱም መታየቱም፣ መመዘኑም አለ። እንግዲህ አውድማን «የመጀመሪያው የግብርና ዐውደ ርእይ» ብል ማጋነን አይመስለኝም። ቃሉ ራሱ ይመሰክርልኛል።

«ርእይ» የሚለው ግማሽ አጭር ታሪክ ነው ያለው። ርእየ ማለት አየ ማለት ነው። ራእይ፣ ትርኢት፣ አርአያ የዚሁ ልጆች ናቸው። ሰው «አርአያ ሁን» ሲባል «የሚታይ ሁን» መባሉ ነው። ሞዴል አርሶ አደር የሚለውን የቢሮ አነጋገር አርአያ በሚለው ብንለውጠው አንድ ቃል እናተርፋለን፤ ያውም ከዐውደ ርእይ ጋር ሥር የሚጋራ።

ዐውደ ርእይ «ኤግዚቢሽን»ን ለመተካት የተበጀ ስያሜ ነው። ኤግዚቢሽን ከላቲን ሁለት ቃላት ተጋጥሞ የመጣ ሲሆን «ወደ ውጭ ይዞ ማቅረብ» እንደማለት ነው፤ እጅን ዘርግቶ ማሳየት። በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት ሲከበር በአዲስ አበባ የኢዮቤልዩ ኤግዚቢሽን ቆሞ የውጭ አገሮች ሳይቀሩ ዕቃቸውን ይዘው መጥተው ነበር። በዚያው በ1948 ዓ.ም. ነው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት፣ እርሳቸው ካረፉ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በደስታ ተክለ ወልድ ድካም ለኅትመት የበቃው። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ከተማ፣ የዓለም ዕቃ በአደባባይ ተዘረጋ፤ የግእዝም ሥሮች በወረቀት ላይ ተዘረጉ። ይህን ግጥጥሞሽ ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሌላው ዓለም ለዚህ ዓይነቱ ቀን ያወጣው ስም ከእኛው ጋር ሲተያይ የሚነግረን ነገር አለ። እንግሊዝ «ፌር» የሚለው፣ ጣሊያን «ፊየራ» የሚለው፣ ሁለቱም «ፌሪያ» ከሚል የላቲን ቃል ወጥተዋል፤ በዓል፣ ሥራ የማይሠራበት ቀን ማለት ነው። ጀርመን የንግድ ትርኢትን «ሜሴ» ይለዋል፤ ይኸው ቃል ቅዳሴ ማለትም ነው፤ ሰው ለቅዳሴ ሲሰበሰብ ደጁ ላይ ገበያ ይቆም ስለነበር። እነርሱ በቀኑ ሰየሙት፣ እኛ በቦታው። ሲዳማ ደግሞ በቀኑም በቦታውም የሰየመ ሕዝብ ነው። በነባሩ የሲዳማ አቆጣጠር ሳምንት 4 ቀን አለው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። ዲኮ የቀን ስም ነው፤ ዲኮ ገበያም ማለት ነው። አማርኛው «ገበያ» የኦሮምኛው «ገባ» ጎረቤት ነው፤ ሲዳማው ግን የራሱን ይዟል። ቱላ ላይ አንዲት ልጅ «ዲኮ ይመስላል» ስትል ሰማሁ፣ ሰዉ እንደ ገበያ ቀን በዝቶ ስላየች።

አሁን ወደሚያስቸግረኝ ነገር ልምጣ። ዐውድ የአውድማ ዘመድ ከሆነ፣ አውድማም የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ አገር ነገር ከሆነ፣ ቱላ ላይ ምን ይሠራል? የሲዳማ ኑሮ የቆመው በእንሰት ላይ ነው። እንሰት አይታጨድም፣ አይከመርም፣ በሬ አይዞርበትም፣ ነፋስ አይጠበቅለትም። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ሲደርስ ይነቀላል፣ ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ እዚያው ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። ሲዳማ ተክሉን ዌሴ፣ ምግቡን ዋሳ ይለዋል። የመፋቁም የመቅበሩም ሥራ የሴቶች ነው፤ የሚሠራውም ጓሮ ውስጥ፣ ከአላፊ አግዳሚ ዓይን ተከልሎ ነው። አውድማ ምርቱን ለሰማይ ይገልጣል። የእንሰት ጉድጓድ ይሸፍናል።

ቱላ ሜዳ ላይ በመጀመሪያው ዳስ ፊት ለረጅም ጊዜ የቆምኩት ለዚህ ነው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ በሰፊው የእንሰት ቅጠል ላይ፣ ቆጮና ቡላ በየዓይነቱ ተደርድሯል። ቡላው እንደ ኖራ የነጣ አለ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ አለ። ቃጫው ተፈትሎ ገመድ ሆኗል፣ ሳይፈተልም እንደ ሽበት ተንዘርፍፏል። የቀርከሃ መፋቂያው፣ መቁረጫው፣ ሁሉም ወጥቷል። ጓሮ ውስጥ የሚውል ሥራ ከነመሣሪያው ደጅ ወጥቶ ተቀምጧል። ዳኞቹ ቡላውን በጣታቸው እያሹ፣ እያሸተቱ፣ ቆጮውን እየቆነጠሩ ወደ ብርሃን እያቀረቡ ያያሉ። ከዳኞቹ መካከል ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ እነርሱ ሲያሹ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ዝም ይላል።

ስለ እንሰት ስም አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። እኛ ከውጭ ስለተዋስናቸው ቃላት ስናወራ እንውላለን፤ ይህ ግን ከእኛ የወጣ ቃል ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ተመልሶ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተክሉን ከነሥዕሉ «ኤንሴቴ» ብሎ አስገባው። ኋላ የዕፀዋት ሊቃውንት ተክሉን ከሙዝ ወገን ለይተው የራሱን ጎራ ሲሰጡት ስሙን አልለወጡም። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ የዕፀዋት ተማሪ ሳይንሳዊ ስሙን ሲጽፍ «ኤንሴቴ» ብሎ ይጀምራል። በ20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ የሚያበላ ተክል በራሱ አገር ስም በዓለም መዝገብ ላይ መቆሙ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ ያለው ዳስ ባዛሩ ነው። «ባዛር» ፋርስ ነው፤ በዚያ አገር ገበያ ማለት ነው፤ በብዙ ቋንቋ አፍ አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ የዐውደ ዓመት ሽያጭ ስም ሆነ። ናሙናም ከዚያው ከፋርስ የመጣ ነው። የቡና ናሙና በትንንሽ ሣህን አስቀምጦ የቆመው ወጣት ይህን ብነግረው ፈገግ ብሎ «ቡናው ግን የእኛ ነው» አለኝ። ልክ ነው።

ከባለ አቮካዶዎቹና ከዶሮ አርቢዎቹ ፊት ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው «ውድ አርሶ አደሮቻችን» እያለ ይጣራል። አርሶ አደር የቅርብ ዘመን ክብር ነው። አደረ የግእዙ ኀደረ ነው፣ ማኅደር የምንለው የወጣበት፤ አርሶ አደር ማለት «እያረሰ የሚኖር» ነው። በዚህ ቅርጽ ላይ አርብቶ አደር፣ ሠርቶ አደር፣ በአብዮቱ ዘመንም ወዝ አደርና ላብ አደር ተበጅተዋል። ቃሉ ጨዋ ነው፤ ግን ከፊቴ ያሉት ሴቶች አርሰው አያድሩም፣ ፍቀው ያድራሉ። እኔ በበኩሌ «ገበሬ» የሚለውን እመርጣለሁ። ገበሬ ከገብረ ነው፤ ገብረ ሠራ ነው። ገበሬ የሚያርስም ይሁን የሚፍቅ፣ የሚኮተኩትም ይሁን የሚተክል፣ ሠሪ ነው። ተግባርም ግብርናም ከዚሁ ናቸው።

ነገር ግን ይኸው ሥር በሲዳማ ምድር ሌላ ፊት አሳይቷል። ግብር ሥራ ነው፤ ግብር ለመንግሥት የሚከፈል ነው፤ ግብር በቤተ መንግሥት የሚበላ ድግስ ነው። ሠሪው፣ ከፋዩና የድግሱ አቅራቢ አንድ ሰው ነበር፤ ስሙም ገባር ነበር። የዐፄ ምኒልክ ጦር ደቡቡን ከያዘ በኋላ የሲዳማ ገበሬ ከነቤተሰቡ ለባለ ጠመንጃና ለባለ ሥልጣን ተቆጥሮ ተሰጠ፤ እህሉንም ማሩንም ጉልበቱንም ገበረ። ገበሬና ገባር በፊደል ሲታዩ ልዩነታቸው ኢምንት ነው፤ በኑሮ ግን አንዱ የራሱን መሬት ይሠራል፣ ሌላው በራሱ መሬት ላይ ለሌላ ይሠራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ሲታወጅ «ገባር» የኑሮ ስም መሆኑ ቀርቶ የታሪክ ቃል ሆነ። ቱላ ሜዳ ላይ ጥላ ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌዎች ቃሉን ከመጽሐፍ አይደለም የሚያውቁት፤ ከአባቶቻቸው አፍ ነው።

አሁን «ታወጀ» አልኩ። አዋጅ ከየት እንደመጣ ሳይ እንደገና ወደ ክቡ መሬት እመለሳለሁ። በግእዝ ዐዋዲ ማለት እየዞረ የሚናገር፣ ነጋሪ ማለት ነው፤ ከዚያው ከዖደ። አማርኛ «ዲ»ን «ጅ» ማድረግ ልማዱ ነው፤ ወላዲ ወላጅ፣ ፈራዲ ፈራጅ እንደሆነው ሁሉ ዐዋዲም አዋጅ ሆነ። በመንገድ ላይ ግን ትርጉሙ ከሰውዬው ወደ ነገሩ ተሻገረ፤ ነጋሪው ጠፍቶ የተነገረው ቀረ። ስለዚህ «አዋጅ ነጋሪ» ስንል ሳናውቀው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ እንላለን። ድሮ ነጋሪት የሚጎሰመው በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት አደባባይ ነበርና አዋጅም ከዐውድ ርቆ አልሄደም።

ይህን ያነሳሁት በመጨረሻው ዳስ ስላገኘኋቸው እናት ነው። ሸክላ ሠሪ ናቸው። ገለባ ላይ ጀበናዎች፣ ድስቶች፣ ምጣድ፣ አንድ ትልቅ እንስራ ደርድረው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው፣ የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ አጠገባቸው ቆማ ታስተረጉማለች። ሌሎቹ ዳሶች ፊት ሰው ይጋፋል፤ እዚህ ግን ሰው ከሁለት እርምጃ ርቆ ያያል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ ይሄዳል። ዕቃው አላምር ብሎት አይደለም።

ያን ሁለት እርምጃ አንድ ቃል ይለካዋል። ቃሉ ጠይብ ነው። በሰሜኑ አገር ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን እንዲህ ይሏቸዋል፤ ቃሉን ያለ ስድብ የሚጠራው ጥቂት ነው። ከኋላው ቡዳ የሚል ሹክሹክታ ይከተለዋል። ሥሩ ግን ጠቢብ ነው፤ ብልህ፣ ዐዋቂ። ሰብእ «ሰው» ሲሆን «ብ» እንደላላች፣ በጠቢብም መካከል ያለችው «ቢ» ላልታ ጠይብ ሆነ። ከዚሁ ሥር ጥበብ አለ። ጥበብ የሰሎሞን ጸጋ ነው፣ ጥበብ ኪነት ነው፣ ጥበብ በቀሚስ ጠርዝ የሚፈስ ባለ ቀለም ሽመና ነው። ሸማኔው የሠራውን ጥበብ ብለን ለበስነው፤ ሸክላ ሠሪዋን ጠይብ ብለን ሸሸናት። አንድ ሥር፣ አንድ እጅ፣ ሁለት ዕጣ። በአማርኛ ቃላት ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍረኝ የለም።

ሌላም ጥንድ አለ። ፋቀ። እንሰት የሚፍቀው እጅ የተከበረ የእናት እጅ ነው፤ ቆዳ የሚፍቀው እጅ ግን «ፋቂ» ተብሎ ይሰደባል። ግሱ አንድ፣ ድካሙ አንድ። በሲዳማም ባለ እጆቹ በየሙያቸው የተለዩ ነበሩ፤ ሸክላ ሠሪው ሐዲቾ፣ ቆዳ ሠሪው አዋቾ፣ ብረት ሠሪው ቱምቲቾ ተብሎ፤ ጋብቻና ማዕድ ሳይቀር የተከለከሉበት ዘመን ረጅም ነው። የሚያመርቱትን ሁሉም ይጠቀምበታል። ጀበና የሌለበት ቤት የለ፣ ቢላዋ የሌለበት የለ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን በሽመናው፣ የሚያርሰውን በአፈሩ እየጠቀሱ ማዋረድ የሚያስቀጣ መሆኑን ነበር ያሳወቁት፤ ሥራን ካዋረድን አገር ባዶዋን ትቀራለች ብለው። ከዐውድ የወጣው አዋጅ ከጥበብ ለወደቀው ጠይብ ቆመለት ማለት ነው። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆነው። ሁለቱ እርምጃ ግን አሁንም ቱላ ሜዳ ላይ አለ።

ጀበና አነሳሁና ጣቴን በአንገቱ ዙሪያ አዞርኩ። «እማማ፣ ይህን ያለ መንኮራኩር እንዴት እንዲህ አከበቡት?» አልኳቸው።

ልጅቷ ተረጎመች። አሮጊቷ ሳቅ አሉና በአማርኛ ራሳቸው መለሱ። «ልጄ፣ እሱ አይዞርም። እኔ ነኝ የምዞረው።»

ከዚያ ተነሥተው አሳዩኝ። ጭቃው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ እርሳቸው ጎንበስ ብለው ዙሪያውን በእግራቸው ይዞራሉ፣ እጃቸው ከግድግዳው ሳይለቅ። ሲዞሩ አየኋቸው። በሬ እንደሚዞርበት አውድማ፣ ነጋሪው እንደሚዞርበት ገበያ። ዖደ የሚለው የግእዝ ግስ እስከ ዛሬ በመጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው።

ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ተፈረደ። አማርኛ አወዳደረ ሲል ሁለት ነገር በአንድ ግስ ይላል፤ አነጻጸረ፣ ደግሞም አፎካከረ። «ወደር» አቻ ነው፤ ወደር የለሽ የምንለውም አጠገቡ የሚቆም አቻ የታጣለትን ነው። ስለዚህ በቃሉ ሥር ያለው መሸናነፍ አይደለም፤ ጎን ለጎን ማቆም ነው። ዳኞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሦስት ሰዎች የሠሩትን የቀርከሃ ቅርጫት አንድ መስመር ላይ አቆሙ፤ አንዱን ገለበጡ፣ አንዱን ተጫኑ፣ አንዱን በውሃ ረጩ። የሸክላው ተራ ሲደርስ ጀበናውን በጣት ጥፍር መታ መታ አድርገው ድምፁን አዳመጡ። በደንብ ያልተቃጠለው ይደነቁራል፤ የተቃጠለው ይጮኻል። ሸክላ በከተማ ቋንቋ የዘፈን ዲስክም መባሉን እዚህ ላይ አስታወስኩ።

ሽልማቱ ብዙ አልነበረም። ለአንደኞቹ የውሃ መርጫ፣ ለሌሎቹ ዶማና አካፋ። ለሴቶቹ ነጠላ። ድሮ ሸለመ ማለት አስጌጠ ነበር፤ ንጉሥ ሲሸልም ካባ ያለብሳል፣ ለምድ ያለብሳል፣ አምባር ያጠልቃል፤ ሽልማት በሰውነት ላይ የሚታይ ነገር ነበር። ኋላ ወረቀትና ገንዘብ ሲሆን ቃሉ ጌጥነቱን ረሳ። የሸክላዋ እናት ሁለተኛ ወጡ። ስማቸው ሲጠራ ወዲያው አልተነሡም፤ ልጅቷ ክንዳቸውን ይዛ አነሣቻቸው። ከዳኞቹ አንዷ፣ ቡላውን ስታሽ የዋለችው ሴት፣ ነጠላውን ከታጠፈበት ዘርግታ በራሷ እጅ ትከሻቸው ላይ አለበሰቻቸው፤ ጫፉንም አስተካከለችላቸው። ሁለቱን እርምጃ እርሷ ተራመደችው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጥበቡ ሰማያዊ ነበር።

ወደ ማታ ዳሶቹ ሲፈርሱ ዕቃ በገለባ ሲጠቀልሉ አገዝኳቸው። ልጅቷ ወደ ሸራው እያየች «ጋሼ፣ ዐውደ ርእይ ማለት ምን ማለት ነው? እኛ ጋ በክፍል ውስጥ ኤግዚቢሽን ነው የሚሉት» አለችኝ። በዱላ አቧራው ላይ ክብ ሠራሁላት። ይህ ዐውድ ነው፣ ሰው በዙሪያው ይቆማል፣ መካከሉ ላይ ያለውን ያያል፤ ድሮ እህል ነበር እዚህ የሚበተነው አልኳት። ለአያቷ በሲዳሙ አፎ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ጎንበስ ብለው ክቡን አዩት።

«ጉዱማሌ» አሉ።

ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የጋራ ሣር ሜዳ ነው፤ ማንም የማያርሰው፣ ማንም የማያጥረው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ፊቼ ጨምበላላ የሚከበረው እዚያ ላይ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ በሐይቁ አቅራቢያ ያለው ሜዳም በዚሁ ስም ይጠራል። አውድማ ለሌለው አገር ዐውዱ ይህ ነው። እህል አይበተንበትም፤ ሰው ይቆምበታል።

ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ «ዐውድ» ብላ ጻፈች፤ በዐይኑ «ዐ»፣ እንዳሳየኋት። ከጎኑ በላቲን ፊደል «ጉዱማሌ»ን ጻፈች። አያቷ እንስራውን በጀርባቸው አዝለው ቀድመው መንገድ ገብተው ነበርና ደብተሯን ከትታ ተከተለቻቸው።